ከፋሲል ግንብ ጀርባ የወጣች ፀሐይ

እኛ የቆላ ሰዎች ከፀሐይ ጋር ብዙም አንዋደድም። ገንዳ ውሃ ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰው ጥላ እየፈለገ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄዳል። ሚያዝያ ከገባማ ውሻው እንኳ ከሻይ ቤቱ አግዳሚ ሥር አይወጣም። ስለዚህ ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጎ ፎቶ ስለማንሳት ሲወራ የአገሬ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ለምኑ?” ብሎ ነው። ድሮ ፎቶ አንሺዎቹም ያስተማሩን ተቃራኒውን ነበር። ፀሐይ ከአንሺው ጀርባና ከተነሺው ፊት መሆን አለባት፤ ዓይንህ ቢያለቅስም ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፤ አለቀ።

እኔን ግን ብርሃንን ፊት ለፊት ማየት ያስተማረኝ ሙያዬ ነው። ነርስ ነበርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መርፌ ከመውጋቴ በፊት ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሳለሁ፤ ዝቃጭ ወይም ስንጥር ካለው የሚታየው ብርሃን ከጀርባው ሲመጣ ነውና። ግሉኮስ ስሰቅልም እንደዚያው። የራጅ ፊልም ማያ መብራት ባልነበረን ጊዜ ሐኪሙ ፊልሙን ይዞ መስኮት ጋ ይቆማል፤ እኛም ከኋላው ተደርድረን አንገታችንን እናሰግጋለን። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ብርሃን ከጀርባ ሲመጣ አንዱን ሸሽጎ ሌላውን እንደሚያወጣ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ይህንኑ ጎንደር ላይ፣ በድንጋይ ግንብ መካከል፣ ከልጅ ልጄ ጋር እንደገና ተማርኩት። ዛሬ ለወላጆችና ለአያቶች ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ነው።

ወደ ጎንደር የወሰደኝ ዓይኔ ነበር። የግራው ሞራ ከለበሰው ቆይቷል፤ ቀኙም ተከትሎት ጀምሯል። የዓይን ሞራ ሲባል ከላይ የሚጋረድ ነገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በዓይናችን ውስጥ ከብሌኑ ጀርባ እንደ መስተዋት የጠራ ሌንስ አለ። እሱ ከዕድሜ ጋር ይደፈርሳል፤ ልክ ጠላ ሳይጠል ሲቀዳ እንደሚታየው ማለት ነው። የደፈረሰ ሌንስ ብርሃንን ቀጥ አድርጎ አያሳልፍም፤ ይበትነዋል። ስለዚህ ሞራ ያለበትን ሰው ከጨለማ ይልቅ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ያስቸግረዋል። የመኪና መብራት ሲመጣበት መንገዱ ይጠፋዋል። በር ላይ የቆመ ሰው ማን እንደሆነ አይለይም። በሥራ ዘመኔ ለስንቱ ገበሬ “ይህ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፣ ሂዱ” ብዬ መላኪያ ጽፌያለሁ። ተራው የእኔ ሆነና ቀጠሮ ተያዘልኝ።

አብሮኝ የመጣው የልጄ ልጅ ነው፤ ያኔ 16 ዓመቱ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። እናቱ ቤይሩት ትሠራለች። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ “እማዬ” የሚለውም እኔን ነው። እናቱን ደግሞ በስሟ ይጠራታል፤ እህቱ ትመስለዋለች። የያዘውን ስልክ የላከችለት እሷ ናት። ጎንደር እንደምንሄድ ስትሰማ “ግንቡ ሥር ቆማችሁ ፎቶ ላኩልኝ” አለች። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤቷ ጋር ፋሲል ግቢ ሄዳ የተነሳችው ፎቶ እስከ ዛሬ ግድግዳችን ላይ አለ። ሠላሳ ያህል ልጆች ግንቡን ጀርባቸው አድርገው ተደርድረዋል። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ስለነበረች ግማሾቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ግማሾቹ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገዋል። ልጄ ከጨፈኑት ውስጥ ናት።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ገንዳ ውሃ ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የምዕራብ ጎንደር ዞን ከተማ ናት። የቀደመው ስሟ ሽኸዲ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ አገሩ ናቸው። በበጋ ቅጠሉን ያራገፈው የዕጣን ዛፍ በየኮረብታው ቆሞ ይታያል። ከዚህ ተነስቶ መኪናው በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ጭልጋ ሲወጣ ሙቀቱ በየጠመዝማዛው እየለቀቀ ይሄዳል። አይከል ላይ ሹራብ ያስፈልጋል። ከዚያ አዘዞ፣ ከዚያ ጎንደር። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በታች ካለ አገር ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ መውጣት ነው። መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም፤ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ የሄድነው ሰላም በነበረበት ሰሞን ነው፤ ተመስገን።

ይህ መንገድ ከጎንደር ግንብ ጋር የቆየ ታሪክ አለው። የጎንደር ነጋዴ ወደ ሱዳን የሚወርደው በመተማ ነበር። በ1880 ዓ.ም ድርቡሾች ጎንደር ገብተው ከተማዋን ሲያቃጥሉና አብያተ ክርስቲያኗን ሲያወድሙ የመጡት ከዚሁ አቅጣጫ ነው። በዓመቱ፣ መጋቢት 1881 ዓ.ም፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ሲዋጉ ወደቁ። ስለዚህ እኛ የመተማ ሰዎች የጎንደርን ድንጋይ ስናይ እንደ ሩቅ አገር ጎብኚ አናየውም። የዚያ ድንጋይ ደጃፍ እኛ ጋ ነው።

ጎንደር የገባን ዕለት ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኖቼን መርምሮ “ግራውን ከነገ ወዲያ እንሠራዋለን” አለኝ። በመካከል አንድ ባዶ ቀን ተገኘ። ልጁም “እንግዲያው ነገ ፋሲል እንሂድ” አለ። እኔም ፈለግሁ። ቀዶ ሕክምናው ቀላል እንደሆነ ብዙ ሰው አረጋግቼበታለሁ፤ ሆኖም የራስ ዓይን ሲሆን ነገሩ ይለያል። ምናልባት ብዬ ግንቡን አንድ ጊዜ ማየት አማረኝ።

አፄ ፋሲል የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 እ.ኤ.አ ነው። ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1636 እ.ኤ.አ ገደማ ሲሆን ከተማዋ ከ200 ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ሆና ቆይታለች። ፋሲል ግቢ የምንለው የእሳቸው ግንብ ብቻ አይደለም። ከእሳቸው በኋላ ከነገሡት በርካቶቹ የየራሳቸውን ጨምረውበታል፤ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ፣ የአፄ ዳዊት አዳራሽ፣ የአፄ በካፋ ግንብና የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ አሉበት። ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጥር ይከበዋል። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ ነው። ግድግዳው በኖራ የተያያዘ ቡናማ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የበሩና የመስኮቱ ቅስት ዙሪያ ግን ቀላ ያለ ድንጋይ ተመርጦለታል። በፋሲል ግንብ አራት ማዕዘናት ላይ እንቁላል መሰል ጉልላት ያላቸው ማማዎች አሉ፤ በጣሪያው ዙሪያ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ ጌጥ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለፎቶው ስለሚያስፈልግ ነው። ጥቁር ድንጋይ ብርሃን ይውጣል። ከጀርባው ሰማዩ ሲበራ ካሜራው ግራ ይገባዋል። የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ ደማቁንም ጨለማውንም በመጠኑ አብሮ ማየት ይችላል፤ ብሌኑ ይጠባል፣ ይሰፋል፣ አንጎልም ያግዘዋል። ካሜራ ይህን ያህል አቅም የለውም። አንዱን መምረጥ አለበት። ለሰማዩ ከለካ ግንቡ ከሰል ይሆናል፤ ለግንቡ ከለካ ሰማዩ እንደ ነጭ ጨርቅ ባዶ ይሆናል።

ጠዋት ማልደን ሄድን። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ነበር፤ እኛ ከግንቡ በስተምዕራብ ስለቆምን በማማዎቹ ጀርባ ትወጣለች። ልጁ ግንቡ ፊት አቆመኝና ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ከዚያ ስልኩን አየና ተናደደ።

“እማዬ፣ ተበላሸ። ጥቁር ሆነሻል። ግንቡም ጥቁር ሆኗል። በዚያ በኩል እንዙር።”

“አሳየኝ እስቲ” አልኩት። ስልኩን በቀኝ ዓይኔ አጠገብ አድርጌ አየሁት። ጉልላቶቹ አንድ በአንድ ጥርት ብለው ወጥተዋል። የጣሪያው ጥርስ በወርቃማው ሰማይ ላይ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል። እኔ ነጠላዬን የለበስኩ ጥላ ነኝ፤ የነጠላዬ ጠርዝ ብቻ ብርሃን ይዞ ነጭ መስመር ሠርቷል። ፊቴ የለም።

“አልተበላሸም” አልኩት። “እኔ አንተን የማይህ እንደዚህ ነው።”

“እንዴት?”

“ከትምህርት ቤት መጥተህ በር ላይ ስትቆም። ውጭው ይበራል፤ አንተ ጥቁር ነህ። ቁመትህንና አረማመድህን አውቃለሁ፤ ፊትህ አይታየኝም። ካልተናገርክ መሆንህን አልለይም።”

ልጁ ዝም አለ። ሞራ እንዳለብኝ ያውቃል፤ ሐኪም ቤት ያመጣኝም እሱ ነው። ነገር ግን “አያቴ ዓይኗን ያማታል” ማለትና ፊቱ እንደማይታያት ማወቅ አንድ አይደሉም። ስልኩን ደጋግሞ አየው። ከዚያ “ስንት ጊዜ ሆነሽ?” አለኝ። “ዓመት ሊሞላው ነው” አልኩት። ፎቶውን አላጠፋውም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሌላ ሆነ። ግቢው ውስጥ ያገኘነው አንድ ወጣት አስጎብኚ ነገሩን ሲያይ ቀረብ ብሎ “እናቴ፣ ይቀመጡ፣ እኔ ላሳየው” አለና ለልጁ ጥቂት ነገር አስተማረው። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ሰማሁ። ለእናንተም ስለሚጠቅም ልዘርዝረው፤ ማንኛውም መደበኛ ስልክ ያደርገዋል።

አንደኛ፣ የሌንሱን መስተዋት መጥረግ ነው። የእኛ ስልክ የቆላ አቧራና የእጅ ቅባት ተሸክሞ ነበር። ከፊት ብርሃን ሲመጣበት ያ ቅባት ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል። ይህን ስሰማ ሳቅኩ፤ የስልኩም ዓይን ሞራ አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስልኩ የፈለገውን እንዲለካ አለመተው። ማያው ላይ ሰማዩን በጣት ነካ ሲያደርጉት ለሰማዩ ይለካል፤ ግንቡ ጥላ ይሆናል። ግንቡን ሲነኩት ግንቡ ይበራል። በአብዛኛው ስልክ ላይ ጣትን ጥቂት አቆይቶ ሲይዙት ልኬቱ ይቆለፋል፤ ከዚያ ጣትን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በመጎተት ብርሃኑን መጨመርና መቀነስ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ፀሐይዋን መደበቅ። ልጁ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ሲሄድ ፀሐይዋ ከማማው ጀርባ ገባች። የሚያጭበረብረው ነጸብራቅ ጠፋና በማማው ዙሪያ ቀጭን የብርሃን ቀለበት ቀረ። ወደ ቀኝ ጥቂት ሲመለስ በጉልላቱ ጠርዝ በኩል አንድ ጨረር ብቻ ብልጭ አለች። በግማሽ እርምጃ ይህን ያህል ይለያያል።

አራተኛ፣ ሰው ካለበት ፊቱን ማትረፍ። ግንቡ ሩቅ ነውና የስልክ ፍላሽ አይደርስበትም፤ የፍላሽ አቅም ጥቂት ሜትር ነው። አጠገብ የቆመ ሰው ፊት ላይ ግን ይደርሳል። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ነጭ ነገር ነው። አስጎብኚው የነጠላዬን ጫፍ ልጁ ደረቴ ፊት ዘርግቶ እንዲይዘው ነገረው፤ ብርሃኑ ከነጠላው ተመልሶ ፊቴ ላይ ወጣ። ነጠላ የፎቶ መሣሪያ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ሰዓትም ይመረጣል። ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማና ማታ ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐይ ዝቅ ስለምትል ከግንብ ጀርባ ትገኛለች። እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትወጣና ግንቡን ያደበዝዘዋል። ይህ በእኛ አገር ይብሳል፤ ምክንያቱም ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ጎንደር ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች፤ በቀረው ወራት በደቡብ በኩል። በታኅሣሥ የተነሳ ግድግዳና በሰኔ የተነሳ ግድግዳ በቀትር ጥላቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ይህን ለልጆች ብትነግሯቸው ጂኦግራፊ የሚሉትን ትምህርት በእግራቸው ቆመው ያዩታል።

ከፋሲል ግንብ ቀጥሎ የአፄ ኢያሱ ግንብ አለ። ይህ ጣሪያው የለም። በ1704 እ.ኤ.አ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በ1941 እ.ኤ.አ ደግሞ ጎንደርን የያዘውን ጣሊያን ለማስለቀቅ እንግሊዞች ባዘነቡት ቦምብ ተመትቷል። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም ነው። ያ ግንብ በዘመኑ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስተዋት ያጌጠ እንደነበር ይተረካል። ዛሬ ውስጡ ቆሞ ቀና ያለ ሰው ሰማይ ያያል። በባዶዎቹ መስኮቶች ብርሃን ይገባል።

እዚያ ልጁን ያስቆመው ብርሃን ነበር። ከውስጥ ሆኖ ወደ መስኮቱ ሲያነሳ ግድግዳው ጨልሞ መስኮቱ ብቻ ይበራል። ቦምብ የሸረፈው ጠርዝ ከሰማዩ ጋር ሲገናኝ እያንዳንዱ ስንጥቅ ይቆጠራል። ከፊት በኩል፣ ፀሐይ ግድግዳውን እያበራች፣ ይህ ስንጥቅ ከድንጋዩ ቀለም ጋር ተመሳስሎ ያልፋል። ጉዳቱን የሚያሳየው የጀርባ ብርሃን ነው፤ ራጅን ያስታውሰኛል ያልኩት ለዚህ ነው። አስጎብኚውም ለልጁ “ዛሬ ያነሳኸውን አስቀምጠው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ እዚሁ ቆመህ አንሳ፤ ድንጋይ ከወደቀ ታውቃለህ” አለው። እውነቱን ነው። የድሮ ፎቶ ለቅርስ ጠጋኝ የሕመምተኛ ካርድ ማለት ነው።

ለዚህ አክሱም ጥሩ ምስክር ነው። በ1906 እ.ኤ.አ ኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ጥናት ቡድን አክሱም መጥቶ ሐውልቶቹን ለክቶ፣ ሥሎና ፎቶ አንስቶ ሄደ፤ ሥራውም በ1913 እ.ኤ.አ ታተመ። ያ መዝገብ ዛሬም ይጠቀሳል። ያኔ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት ተሰባብሮ መሬት ላይ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ ጣሊያን ወደ ሮም ወሰደው፤ በ1997 ዓ.ም ተመለሰና በ2000 ዓ.ም ቆመ። ትልቁ፣ 33 ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ እስከ ዛሬ እንደወደቀ ነው። በሐውልቶቹ ላይ የተቀረጹት የሐሰት በሮችና መስኮቶች ጥልቀታቸው ትንሽ ስለሆነ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታቸው ይጠፋሉ፤ በጎን ስትመጣ ፎቅ በፎቅ ይቆጠራሉ፤ ከጀርባ ስትሆን ደግሞ አናቱ ላይ ያለው ግማሽ ክብ ብቻ ሰማይ ላይ ይቀራል። አንድን ድንጋይ በሦስት ብርሃን ማየት ሦስት የተለያዩ ድንጋዮችን እንደማየት ነው። ላሊበላ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ከተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ስለቆመ ጠዋትና ማታ ጥላ ይውጠዋል፤ ለእሱ ፀሐይ ከፍ ስትል ይሻላል።

አሁን እንደ ጤና ባለሙያ አንድ ነገር ልናገር፤ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። ልጆችን ፀሐይ ፊት ለፊት ፎቶ አንሡ ስንላቸው ፀሐይን ተመልከቱ ማለታችን አይደለም። የዓይን የኋላ ግድግዳ፣ ምስሉ የሚያርፍበት፣ የሕመም ስሜት የለውም። ሲቃጠል አያምም። ልጁ ችግሩን የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ፣ መሃል ላይ ጥቁር ነጥብ ሲታየው ነው፤ አንዳንዴም አይመለስም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ ላሊበላ አካባቢ ፀሐይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ስትታይ በየቤቱ ይህን ስንመክር ነበር፤ ትዝ ይላችኋል። በስልክ ማያ ላይ ማየት ዓይንን በቀጥታ አይጎዳም። በዓይን የሚታይበት የድሮ ካሜራ ግን ሌንሱ ፀሐይዋን ሰብስቦ ዓይን ላይ ያሳርፋታል፤ ስለዚህ ፀሐይዋ በግንቡ ካልተጋረደች በእሱ አታሹልኩ። ራጅ ፊልምም፣ ተራ የፀሐይ መነጽርም ፀሐይ ማያ አይሆኑም።

በማግስቱ ቀዶ ሕክምናው ተደረገልኝ። ዓይን ብቻ ይደነዝዛል፤ ሰው ነቅቶ ይሰማል። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባ። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀም። ተሸፍኜ አደርኩ። ልጁ ከአልጋዬ አጠገብ ወንበር ላይ አደረ፤ ተኛ ብለው አልሰማ አለ። ሌሊት ውኃ ስጠይቅ ጽዋውን ሰጥቶኝ “እማዬ፣ ነገ ባይሆንስ?” አለ። “ይሆናል” አልኩት። በሥራ ዘመኔ ለሌላው ሰው በቀላሉ የምለው ቃል ያን ሌሊት ከአፌ ለመውጣት ከበደኝ።

ጠዋት ነርሷ ፋሻውን አነሳችው። መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ጋዋኗን ነው። በሞራ ዓይን ነጭ ነገር ሁሉ ቡላ ይመስላል፤ ያ ጋዋን ግን እውነተኛ ነጭ ነበር። ከዚያ ልጁን ፈለግሁት። ሆን ብሎ ይሁን ሳያስበው አላውቅም፣ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ብርሃኑ ከጀርባው ነው።

ፊቱ ታየኝ። ጢም ሊያበቅል ነው፤ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ጠቆር ጠቆር ብሏል። ማን ነገረኝ? ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ኖረን አላየሁትም። አገጩ ደግሞ የእናቱ ነው።

ያን ዕለት ማታ ለእናቱ ሁለት ፎቶ ላክን። አንዱ ነጠላዬን ዘርግቶ ያነሳው፣ ፊቴም ግንቡም የሚታይበት ነው። ሌላው ያ “የተበላሸው” ነው። የትኛውን እንደወደደች ስትጠየቅ ሁለተኛውን አለች። “ፊትሽ ባይታይም አቋቋምሽ አንቺ ነሽ፤ ግንቡም ግንቡ ነው” አለች። ልጁ ደግሞ ሁለተኛው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ነገራት። ከዚያ ሁለቱ ብቻ ረጅም ሰዓት አወሩ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሆኖም ሲጨርስ “እናቴ ደህና እደሩ ብላለች” አለኝ። በስሟ አልጠራትም።

አገራችን ውስጥ በ1998 ዓ.ም አካባቢ የተደረገው ብሔራዊ ጥናት እንዳሳየው ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው የዓይን ሞራ ነው፤ ማለትም ሊታከም የሚችል ነገር ነው። ሽማግሌ ደግሞ አይናገርም፤ “እርጅና ነው” ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የሚቀጥለው የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ ልጆቹንና አያቶቹን አንድ ላይ ይዛችሁ ወደሚቀርባችሁ የድሮ ድንጋይ ሂዱ፤ ጎንደር ያለ ፋሲል ግቢን፣ እንፍራንዝ ያለ ጉዛራን፣ አዲስ አበባ ያለ የጢያን ትክል ድንጋዮች ይይ። ስልኩን ለልጁ ስጡት። አያቱን ግንቡ ፊት፣ ፀሐይዋን ከግንቡ ጀርባ አድርጉ። ከዚያ ቦታ ቀይራችሁ ልጁን ብርሃኑ ውስጥ አቁሙትና አያቱን “ማን ነው የቆመው?” ብላችሁ ጠይቋቸው። ፊቱን ካልለዩት የሚቀጥለው ጉዞ ወደ ዓይን ሐኪም ይሁን።

የእኔ ቀኝ ዓይን ደግሞ ቀጠሮው ለጥር ነው። ልጁ “በጥምቀት ሰሞን ከሆነ የፋሲል መዋኛን በማታ ብርሃን አነሳዋለሁ” ብሎ ከአሁኑ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ገዝቷል።